አዲሱ ፈቃዴና የአለቃዬ ጣሪያ

ክቡራትና ክቡራን፣ ከባተን ሩዥ ዋና መሥሪያ ቤታችን ድረስ የመጡት እንግዳችን፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከጎኔ ትሠሩ የነበራችሁ ባልደረቦቼ፤

አመሰግናለሁ። አዳራሹን ለለቀቁልን ለምግብ ቤቱ ሰዎች አመሰግናለሁ። በቅመም ለተቀቀለው ክሮፊሽም አመሰግናለሁ፤ ቅመሙ ከአሁኑ ዓይኔን ስላስለቀሰው፣ በኋላ ባለቅስ የማመካኝበት አላጣም። ኬኩን ላዘዘችው ለኦዴትም ምስጋና ይድረሳት። ከኋላ ተቀምጣችሁ ለማይታያችሁ፣ ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም የተጻፈው «መልካም ዕድል፣ ከሃዲዋ» ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ኬክ ቤቱ «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ እንደገና ደወለላት አሉ። ኦዴት ምን ብትለው ጥሩ ነው? «የኔ ወንድም፣ እኛ ቢሮ እንዲህ ነው የምንዋደደው።» እውነቷን ነው። ግን ቀልድ ከየትም አይመጣም፣ አይደል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከልቡ ከሃዲ የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሳልናገር ከምሄድ ተናግሬ ብሄድ ይሻለኛል።

እናንተ የባልደረቦቼ የትዳር ጓደኞች፣ ነገሩን ላስረዳችሁ። አንድ ቤት ጉዳት ሲደርስበት የኢንሹራንስ ኩባንያው ገማች ይልካል። ገማቹ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ይለካል፣ የተጎዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ይከፈል ወይም አይከፈል ይላል። ባሎቻችሁና ሚስቶቻችሁ የሚሠሩት ይህንን ነው። የሕዝብ ገማች የሚባለው ደግሞ ያንኑ ሥራ ለቤቱ ባለቤት የሚሠራ ነው። መሰላሉ ያው ነው፣ ጠመኔው ያው ነው፣ የሚቆምበት ወገን ብቻ ይለያል። እኔም ከሰኞ ጀምሮ በሉዊዚያና ሕግ ፈቃድ ያለኝ የሕዝብ ገማች ነኝ።

ማጨብጨብ ክልክል አይደለም እኮ። እሺ፤ ሁለት ሰው ተገኘ፣ አንደኛዋ እህቴ ናት።

ስለ ሕዝብ ገማቾች የምትሉትን አውቃለሁ፤ አብሬያችሁ ስል ኖሬያለሁና። «ከአውሎ ነፋስ በኋላ መጀመሪያ ትንኝ ይመጣል፣ ቀጥሎ እነሱ።» ሐሰት ነው? አይደለም። ቤቷ የፈረሰባትን አሮጊት ደጃፍ ላይ አስቁመው ያላነበበችውን ያስፈረሙ አሉ። ያንን እንዳልሆን እፈራለሁ፤ ከምር እፈራለሁ። ደግነቱ በእኛ ክፍለ ግዛት ከካሳው ላይ መቶኛ መቁረጥ አይፈቀድም፣ የሚከፈለን በሰዓት ነው። ጀልባ ገዝቼ ካያችሁኝ ለፖሊስ ጠቁሙ።

ፈተናውን መጀመሪያ የወሰድኩ ጊዜ መውደቄን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ባልደረባችን ዌንደል ያልነገረው ሰው የለም። የሚሰጠው ከጥፍር ማሳመሪያ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ነው። ሰዓቴን ወሰዱ፣ የከንፈር ቅባቴን ወሰዱ፣ ኪሴን አስገለበጡኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ አይደለም እንዴ? ከሁሉም ሰው ቀድሜ ጨርሼ ወጣሁ። ፈታኟ ልጅ የውጤቱን ወረቀት ስትሰጠኝ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

አንዱ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልሄደም። በውሉ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓይነት ቢተረጎም የማን ትርጉም ይጸናል ይላል። እኔ «የጻፈው የኩባንያው» ብዬ መለስኩ። ስህተት ነው። ሕጉ፣ ጸሐፊው አጥርቶ ካልጻፈ ጥርጣሬው ለባለቤቱ ይሁንለት ነው የሚለው። አላውቀውም ነበር? አሳምሬ አውቀው ነበር። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።

በማግስቱ ዌንደል ቢሮ መሃል ቆሞ «ላሊ፣ ስንቱን ስትከለክይ ኖረሽ ዛሬ ደረሰሽ! ይግባኝሽን አስገቢና እኔ አየዋለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። አለቃችን ሚስተር ኦሬሊየን ብቻ አልሳቁም። የክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙና «ውሉን ከየት ጀምረሽ ነው ያነበብሽው?» አሉኝ። ከኋላ ነው አልኳቸው። እኛ ገማቾች ውል የምናነበው ከኋላ ነው፤ «አይሸፈንም» ከሚለው ገጽ። «እንግዲያ ከፊት ጀምሪ» ብለውኝ ሄዱ።

አያችሁ፣ ከፊት ጀምሬ አንብቤ በሁለተኛው አለፍኩ፤ ፈተናውን ያሳለፉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ከበሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት። ሁለት ቀን ሙሉ አላነጋገሩኝም። ዛሬ ይመጣሉ ብዬም አልጠበቅኩም።

እዚህ ቢሮ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። አንድ የጭነት መኪና የአውቶቡሴን ጎን ገጨና ጉዳቱን ሊገምቱ መጡ። «ምን ሆነ?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ። «እሱን አላየሁም፤ ያን ጊዜ ልጆቹን በመስታወት እያየሁ ነበር» አልኩ። ማስታወሻቸውን ዘጉና «ሥራ ትፈልጊያለሽ?» አሉ። ሥራ እኮ ነበረኝ! ግን በሚቀጥለው ወር እሳቸው ዘንድ ነበርኩ።

እንግዲህ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷችኋል። ላሊ በወጣች በሳምንቷ የአለቃዋን ቤት ጉዳይ ይዛ ኩባንያውን ልትሞግት ነው ተብሏል። እውነት ነው። በሹክሹክታ ከምትሰሙት ከአፌ ስሙት። ሚስተር ኦሬሊየንን ዛሬ ጠዋት በስልክ ላስፈቅዳቸው ሞክሬ ነበር፤ ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው ሚስ ኤርሊን ናቸው። «ተናገሪ። እዚህ ቤት ዝምታ በዝቷል» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን አውሎ ነፋስ ለማናችሁም አልተርክም። ስለ አቧራው ግን ልናገር።

የጣሪያችን ክዳን ትንንሽ የሬንጅ ንጣፍ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ በሙጫ የተያያዘ። ነፋስ ሲያነሳው ሙጫው ይላቀቅና ክዳኑ ተመልሶ ይተኛል፤ ከመሬት ላየው ደህና ይመስላል። ያፈሳል ግን። ሚስተር ኦሬሊየን ለሁላችንም ያስተማሩን ይህንን ነው፤ «ክዳኑን በመዳፍህ ቀስ አድርገህ አንሣው። ሥሩ ንጹሕ ከሆነ በቅርቡ ነው የተላቀቀው፣ ነፋስ ነው። ሥሩ አቧራ ከያዘ ድሮ የለቀቀ ነው፣ እርጅና ነው።» እርጅና ደግሞ አይከፈልም።

ትክክለኛ ትምህርት ነው፤ ነፋሱ ባለፈ ሰሞን ለሚደርስ ገማች። ነፋሱ የመጣው በነሐሴ ነው። እኛ ለብዙው ሰው የደረስነው መቼ ነበር? የገና በዓል ካለፈ በኋላ! ከተማው በዚያ መሃል ምን ይመስል እንደነበር ረስታችሁታል? የፈረሰ ግድግዳ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ፣ ፍርስራሽ የሚያነሱት መኪኖች ሲመላለሱ፣ ሳህን አጥበን ሳናደርቀው አቧራ ሲለብስብን። ታዲያ የማን ክዳን ነው ሥሩ ንጹሕ የሚሆነው? እኛ ግን መሰላል ወጣን፣ መዳፋችንን ሰደድን፣ አቧራውን አየን፣ እርጅና ብለን ጻፍን። ቀጣዩ ቤት፣ እርጅና። ቀጣዩ፣ እርጅና። አቧራው የሚናገረው ስለ እኛ መዘግየት ነበር እንጂ ስለ ጣሪያው ዕድሜ አልነበረም።

ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢሆን ለመናደድ ይመቸኝ ነበር። የተማርነውን በደንብ ነው የሠራነው። ይህንን በስብሰባ አንስቼ ነበር፤ እንግዳችን ያስታውሱታል። «አሠራር ነው፣ ለአንድ አውሎ ነፋስ ብለን አንቀይረውም» አሉኝ። አልተቀየምኩዎትም። ፈተናውን ለመውሰድ የተመዘገብኩት ግን በዚያው ሳምንት ነው።

አሁን ወደ አለቃዬ ጣሪያ ልምጣ።

የሳቸውን ቤት እንዲገምት የተላከው ዌንደል ነበር። ራሳቸው ያሠለጠኑት፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ማለት ነው። ከጣሪያው ወርዶ ቢሮ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ምሳውን አልነካም። ሚስተር ኦሬሊየን ጠረጴዛው ድረስ መጡ።

«አቧራ ነበረው?» አሉት።

«ነበረው፣ ሚስተር ኦሬሊየን። ግን እኮ...»

«ግን የሚባል ነገር አስተምሬሃለሁ?»

«አላስተማሩኝም።»

«እንግዲያ ምን ያንገበግብሃል? ጻፈውና ብላ።»

ጻፈው። የካሳ ጥያቄያቸውም ውድቅ ሆነ። እሳቸው ይህን ለመጣ ለሄደው እየሳቁ ነበር የሚያወሩት፤ «ልጁ ለእኔ እንኳ አላደላም፣ እንዲህ ነው ገማች!» እያሉ። እኛም አብረን ሳቅን፣ ኮራንም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሳቸው ግን ለራሳቸው ምንም አልቆረሱም። የሚያሳዝነው ግን፣ በዚያው ቤት ሌላ ሰውም ይኖራል።

በፋሲካ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጣሪያው ሰማያዊ ሸራ እንደለበሰ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ እየተርገበገበ እንቅልፍ ይነሳል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ሻግቷል። ሚስ ኤርሊን የጋምቦ ሾርባቸውን ሠርተው ጠበቁኝ፣ እንደ ወትሮው ቆንጆ ነበር። ግን አንድ ወሬ ጀምረው ሳይስሉ መጨረስ አልቻሉም።

«ይህን ሳል ሐኪም አይቶታል?» አልኳቸው።

«አይቶታል። ቤቱን ቀይሪ አለኝ። የአባቴን ቤት በምን ልቀይረው?»

«ለኩባንያው እንደገና ለምን አያመለክቱም?»

«ለማን ብዬ ነው የማመለክተው፣ ልጄ? ከልካዩም ተከልካዩም አንድ አልጋ ላይ እኮ ነው የሚተኙት» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረና ሚስተር ኦሬሊየን ውኃ ይዘውላቸው መጡ። ጀርባቸውን እየደባበሱ ቆሙ። ያንን ፊት አይቻለሁ። የሚያውቅ ሰው ፊት ነው።

እኔ በራቸውን አላንኳኳሁም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ፈቃዴ በወጣ ማግስት ሚስ ኤርሊን ደወሉ። «ላሊ፣ አሁን የማን ነሽ?» አሉኝ። «አሁን ለቤት ባለቤቶች ነው የምሠራው» አልኩ። «እንግዲያው ነይ። ነሐሴ ሳይመጣ ነይ።» ሁለት ዓመቱ በነሐሴ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ካሳ ለመጠየቅ በሕጉ በሩ ይዘጋል። ቤቱ ሽሪምፕ አጥማጅ ከነበሩት አባታቸው የወረሱት ነው፣ በስማቸው ብቻ ነው። እኔን የሚወክሉበትን ውል ፈረሙ።

ሚስተር ኦሬሊየን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስወጣ አላዩኝም። መኪናዬ ጋ ልደርስ ስል ነው የተናገሩት።

«ውሸታም ልታደርጊኝ ነው እንግዲህ?» አሉ።

እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሴት፣ ምንም ሳልል መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ያየሁት እሳቸውን ነው፤ ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም። በአዲሱ ፈቃዴ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ የሳቸውን ልብ መስበር ከሆነ፣ ፈቃዱ ምን ያደርግልኛል? ኬኩ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ከእናንተ ጋር ስቄ ቢላዋውን መልሼ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሚስተር ኦሬሊየን፣ ያን ቀን ያልመለስኩልዎን ዛሬ ልመልስ። ውሸታም አይደሉም። ያስተማሩን ልክ ነበር፤ በሰዓቱ ለሚደርስ ሰው ልክ ነበር። በሰዓቱ ያልደረስነው እኛ ነን። እርስዎ ለሠላሳ ዓመት የሰው ጣሪያ ላይ ሲወጡ፣ ሰውዬው ጎረቤትዎ ቢሆን ጠላትዎ ቢሆን ያዩትን ነው የተናገሩት። የራስዎን ጣሪያ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አላዩትም። የገዛ ቤቴን ከገመትኩ ያደላሁ ይመስላል ብለው ነው፤ ገብቶኛል። ያስከብርዎታል። ግን ሚስ ኤርሊን በእርስዎ ክብር ሥር ሆነው መተንፈስ እያቃታቸው ነው፣ ሚስተር ኦሬሊየን። እርስዎን ለማሸነፍ አይደለም የምወጣው። ማክሰኞ ጠዋት የሚስትዎ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ያየሁትን ልናገር ነው።

ዌንደል፣ አንተም አንገትህን አትድፋ። ድጋሚ ምርመራውን ኩባንያውን ወክለህ የምትመጣው አንተ ነህ። ለሌላ ሰው ስጡልኝ ብለህ ለምነህ እንዳልሰጡህ ሰምቻለሁ። እኔ ደስ ብሎኛል። ለእኔ ብለህ አታድላ፣ ለሳቸውም ብለህ አታድላ። አቧራ ካየህ አቧራ ብለህ ጻፍ። ከጽሑፉ ሥር ግን ነፋሱ የመጣበትን ቀንና አንተ መጀመሪያ የወጣህበትን ቀን ጨምር። ከዚያ ወዲያ ልከራከርህ አልፈልግም። ከወረድን በኋላ ምሳ እጋብዝሃለሁ፤ ከሕዝብ ገማች ጋር መብላት ካላሳፈረህ።

ለሌሎቻችሁም እንዲሁ ነው። ከእንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሁለት ጫፍ ቆመን እንገናኛለን። ስትከለክሉኝ እጮኻለሁ፤ ጩኸቴን ታውቁታላችሁ። ግን መንገድ ላይ ስታገኙኝ እንዳላየ አትለፉኝ። እሱን አልችለውም። ልጆቻችሁን ክርስትና አንስቻለሁ፣ እናቶቻችሁን አብሬያችሁ ቀብሬያለሁ...

ሚስተር ኦሬሊየን፣ ይቀመጡ እባክዎ። ሊያልቅ ነው ንግግሩ። እባካችሁ በሩን ለቀቅ አድርጉላቸው... አይ፣ አትያዟቸው። መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ።

ምን አሉ? አልሰማሁም፤ ጮክ ብለው ይናገሩ።

...

ከኋላ ሆናችሁ ላልሰማችሁት ልድገመው። ሚስተር ኦሬሊየን ያሉት፣ «ማክሰኞ ዝናብ ይጥላል። እርጥብ ክዳን መዳፍ ላይ ይጣበቃል፣ ለማንም ምንም አይናገርም። ረቡዕ አድርጉት፤ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ከመታው በኋላ» ነው።

ሄዱ? ሄዱ። ባርኔጣቸውን እንደ ተቆጡ ጊዜ አድርገውት ነው የወጡት ወይስ ይዘውት? ይዘውት ነው? እሺ... እሺ። አንድ ጊዜ ታገሡኝ። ቅመሙ ነው።

ዌንደል፣ ረቡዕ ብለህ ያዝ። አንተም ታለቅሳለህ እንዴ? ያዝ ብያለሁ።

ልጨርስ። ጤናችሁ ይብዛ፣ ሥራችሁ ይባረክ። የምትወጡበት መሰላል አይንሸራተት፣ የምትገቡበት ቤት በሰላም ይቀበላችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ እንቅልፍ የሚሰጥ ሙያ ይያዙ። እንደምታውቁት ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል፤ የባሕሩ ዳር ላይ ለምንኖር ይህን የሚያስቀር ጸሎት የለንም። ሲመጣ ከደጃችሁ ይለፍ። ካላለፈም፣ ቶሎ የሚደርስ ሰው ይስጣችሁ።